ገማቹ ከመምጣቱ በፊት መዝገቡን እንጠይቅ

ከመገናኛ ተነስቶ በጉርድ ሾላ በኩል ወደ አያት፣ ከዚያም ወደ ቦሌ አራብሳ የሚሄድ መንገደኛ ዛሬ ግራና ቀኙን የሚያየው የጋራ መኖሪያ ቤት፣ የፋብሪካ ጣሪያና አስፋልት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ከዚህ ምድር ብዙው እርሻ ነበር። የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያረፈበት፣ የየካ አባዶና የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የቆመበት፣ የቦሌ ቡልቡላ ሰፈር የተስፋፋበት መሬት ሁሉ ባለይዞታ ነበረው፤ ሲታረስ፣ ሲዘራና ሲታጨድ የኖረ ማሳ ነው።

መሬቱ ለልማት መዋል ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ለክልላችን አርሶ አደርና ለወረዳ አመራር ይጠቅማል ብዬ የማነሳው ሌላ ነገር ነው፤ ካሳው በምን ቁጥር ተሰላ? በምሥራቅ አዲስ አበባ ከነባር አርሶ አደሮች ጋር ቁጭ ብሎ የተጫወተ ሰው እንደሚያውቀው፣ በካሬ ሜትር ስንት ብር እንደተከፈለ ሁሉም ያስታውሳል። ያ ብር ከየትኛው ዓመት ምርት፣ ከየትኛው ገበያ ዋጋ፣ በሄክታር ስንት ኩንታል ተብሎ እንደመጣ ግን የሚነግርህ ጥቂት ነው። ስሌቱን ሳያዩ ፈርመው ገንዘቡን ተቀብለዋል።

ስሌቱ ደግሞ የሊቅ ሥራ አይደለም፣ ማባዛት ነው። የቦሌ መሬቶች ብዙዎቹ በተወሰዱበት ዘመን ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ አርሶ አደር፣ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝዝ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ለአርሶ አደሩ አሻሻለው። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በአሥራ አምስት ይባዛል ይላል። ዓመታዊ ገቢ ማለት ደግሞ የመሬቱ ስፋት፣ የምርታማነቱ መጠንና የገበያ ዋጋው ብዜት ነው።

ለስሌት እንዲመች በምሳሌ እንየው። አንድ ሄክታር፣ በእኛ አገር አነጋገር አራት ጥማድ ገደማ፣ የጤፍ ማሳ ያለው አርሶ አደር አለ እንበል። በሰነዱ ላይ ምርታማነቱ 15 ኩንታል፣ ዋጋው በኩንታል 10,000 ብር ተብሎ ከተያዘ ዓመታዊ ገቢው 150,000 ብር ነው፤ በአሥራ አምስት ሲባዛ 2,250,000 ብር ይሆናል። ምርታማነቱ 18 ኩንታል ተብሎ ቢያዝ ግን 2,700,000 ብር ይደርሳል። የሦስት ኩንታል ልዩነት 450,000 ብር አመጣ ማለት ነው። ዋጋው በኩንታል በአንድ ሺህ ብር ብቻ ቢቀነስ ደግሞ ከመጀመሪያው ስሌት 225,000 ብር ይጎድላል። አንድ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ በእስክሪብቶ የሚጽፋት ቁጥር የአንድ ቤተሰብን ቀሪ ዘመን የምትወስነው እንዲህ ነው።

ታዲያ ያች ቁጥር ከየት ትመጣለች? ብዙ ሰው ገማቾቹ ሜትር ይዘው ሲመጡ የሚወስኗት ይመስለዋል። እነሱ የሚለኩት ስፋቱን፣ የሚቆጥሩት ዛፉንና ቤቱን ነው። ምርታማነቱና ዋጋው ግን ቀድሞ ተጽፏል። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ ከመኸር በኋላ በሰብል ዓይነት ምርት ይመዘግባል። የንግድ ጽሕፈት ቤቱ የገበያ ዋጋ ይሰበስባል። ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየዓመቱ የግብርና ናሙና ጥናት እያካሄደ የሰብል ስፋትና ምርት በዞን ደረጃ አሳትሟል፤ አርሶ አደሩ የሸጠበትን ዋጋም ለብቻው ሲያወጣ ኖሯል። ገማቹ ገና ስምህን ሳይሰማ ካሳህን የሚወስነው ቁጥር በአንድ መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

እነዚህ መዝገቦች ምሥጢር አይደሉም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብትን ያረጋግጣል። ዝርዝሩን ያወጣው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። የዚህ አዋጅ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ቢተካም፣ መረጃ ስለማግኘት የሚናገረው ክፍል በሥራ ላይ ቆይቷል። መብቱ የተሰጠው ለጋዜጠኛ ወይም ማኅተም ያለው ደብዳቤ ለያዘ ሰው ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ነው። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄውን በጽሑፍ የማስፈር ግዴታ የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። መልሱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በሠላሳ ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በአንዳንድ ሁኔታ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ከተከለከለ ምክንያቱ ይገለጻል። ቅር የተሰኘ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። የካሳ አዋጁም የራሱ ሠላሳ ቀን አለው። የማስለቀቂያ ትዕዛዝ የደረሰው ባለይዞታ ቅሬታ ካለው ለአቤቱታ ሰሚው አካል የሚያቀርበው በሠላሳ ቀን ውስጥ ነው። እንግዲህ ትዕዛዙ ከደረሰው በኋላ «የወረዳው የምርት መዝገብ ይሰጠኝ» ብሎ የሚነሳ አርሶ አደር ምን ይገጥመዋል? መሥሪያ ቤቱ ሕጉን ሳይጥስ፣ ሳያጓትት፣ ልክ በሠላሳኛው ቀን ሰነዱን ቢሰጠው እንኳ የአቤቱታው ጊዜ አልቋል። ማንም አልበደለውም፤ ሆኖም ቁጥሩን የያዘው ወረቀት እጁ ሲገባ በሩ ተዘግቷል። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ደግሞ አቤቱታው «ያንሰኛል» ከሚል አያልፍም። «ያንሰኛል» እና «የወረዳው የራሱ መዝገብ 18 ኩንታል እያለ ለእኔ በ15 ተሰላ» የሚሉት አቤቱታዎች በአቤቱታ ሰሚ ፊት እኩል አይሰሙም።

ስለዚህ የመጠየቂያው ጊዜ ሌላ ነው። አዋጅ 1161 የሚነሱ ባለይዞታዎችን መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ማወያየት እንደሚገባ ይደነግጋል። በተግባር ይህ ውይይት ብዙ ጊዜ ጥያቄው ሁሉ «መቼ ነው የምንነሳው? ምትክ የት ነው?» ላይ አልቆ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ የሚያበቃ ስብሰባ ነው። በእኔ እምነት ከዚያ ስብሰባ ላይ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ «ካሳው የሚሰላበት የምርታማነትና የዋጋ ሠንጠረዥ የትኛው ነው? ቅጂው ይሰጠን» የሚል ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አለ። ሠንጠረዡ ላይ ስህተት ካለ ማሳው እያለ፣ ሰብሉ እየታየ ይታረማል። ግሬደር ከገባበት በኋላ ስለ ምርታማነት መከራከር በነፋስ ላይ እንደ መጻፍ ነው።

ሠንጠረዡ ሲገኝ ደግሞ ዝም ብሎ መቀበል የለም። ዋጋው የየትኛው ዓመትና የየትኛው ወር ነው? በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሁሉም እህሉን ወደ ገበያ በሚያወጣበት ጊዜ የተያዘ ዋጋና በሰኔ የተያዘ ዋጋ አንድ አይደሉም። ነጭ ጤፍ ነው ሰርገኛ? የአርሶ አደሩ መሸጫ ነው የጅምላ ነጋዴው? የትኛው ገበያ? ገለባውስ ተቆጥሯል ወይ? በቦሌ ዳር የነበረ አርሶ አደር ጭዱን ለከተማ የወተት ላም አርቢ እየሸጠ ከእህሉ ሌላ ገቢ ያገኝ እንደነበር የማያውቅ የለም። በመስኖ ሁለት ጊዜ ያመረተ ሰው የአንድ ወቅት ምርት ብቻ ከተጻፈለትስ?

እዚህ ላይ ለአርሶ አደሩም የማይጥም ነገር መናገር ግድ ይላል። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ማሳውን ማሳነስ፣ ምርቱን ዝቅ አድርጎ መናገር የቆየ ልማድ ነው። ሦስት ጥማድ ተብሎ የተገበረበት መሬት ግን ለካሳ ሲለካ አራት ነው ብሎ መሟገት ይከብዳል። ለግብር ያሳነስነው ማሳ ለካሳም አንሶ ይጠብቀናል። የግብር ደረሰኝ ማስረጃ የሚሆነው እውነቱን ከያዘ ብቻ ነው።

የወረዳው ሰዎችም ተመሳሳይ ጉድ አለብን ብለው ቢያምኑ መልካም ነው። የዓመቱ አፈጻጸም ሪፖርት ሲጻፍ ምርታማነት ከፍ ይላል፤ በክላስተር የተዘራው ስንዴ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ሰጠ ተብሎ ለዞንና ለክልል ይላካል፣ እኛም በዜና እናወጣዋለን። የካሳ ሠንጠረዥ ሲዘጋጅ ያው ማሳ ድንገት ምርቱ ይወርዳል። ሁለቱም ቁጥር እውነት ሊሆን አይችልም። ሪፖርቱ ልክ ከሆነ አርሶ አደሩ ተጎድቷል፤ ሠንጠረዡ ልክ ከሆነ ዞኑም ክልሉም ተታሏል። አርሶ አደሩ ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ የመጠየቅ መብት አለው። እንዲህ የሚጠየቅበት ወረዳ ለሪፖርትም ቢሆን በጥንቃቄ የሚመዘግብ ይመስለኛል።

ከወረዳ ውጭ ያሉ መዝገቦችም ይረዳሉ፣ ልካቸውን ማወቅ ግን ያሻል። የስታቲስቲክስ አገልግሎቱ ቁጥር የዞን አማካይ ነው። መረሬ አፈር ላይ ያለውንና ድንጋያማ ተረተር ላይ ያለውን ማሳ አንድ ላይ አማክሎ ያስቀምጣል። ለም ማሳ ላለው ሰው አማካዩ ይጎዳዋል፣ ለደካማ ማሳ ባለቤት ይጠቅመዋል። ቢሆንም የወረዳው ሠንጠረዥ ከዞኑ አማካይ በጣም ወርዶ ከተገኘ «ለምን?» ለማለት በቂ ምክንያት ነው። የዝናብ መዝገብም አለ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የሜትሮሎጂ ጣቢያ የረጅም ዘመን የዝናብና የሙቀት መረጃ አለው፤ በክልሎችም ጣቢያዎች አሉ። ከሦስቱ ዓመታት አንዱ የድርቅ ዓመት ከነበረ፣ የምርቱ መውረድ ከመሬቱ ሳይሆን ከሰማዩ እንደመጣ የሚያስረዳ ሰነድ ነው።

መሬቱ ይታረስ ነበር አይታረስም የሚል ክርክር ሲነሳ ደግሞ ከሰማይ የተነሳ ምስል አለ። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ምድርን ሲያነሱ ኖረዋል፤ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ምስሎቹ ለማንኛውም ሰው በነፃ ክፍት ናቸው። ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ የሰፈር ወጣት የቦሌ አራብሳን አካባቢ ከኮንዶሚኒየሙ በፊት እንዴት እንደነበር በአንድ ከሰዓት አውጥቶ ሊያሳይ ይችላል። ምስሉ የማን ማሳ እንደሆነ አይናገርም፤ ማሳ እንደነበር ግን ይናገራል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ከተማ በሚስፋፋበት ክልላችን ሁሉ መድረሱ ስለማይቀር ልጥቀሰው። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል አዲስ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ተካልሎ አንዳንድ አካባቢዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ተሸጋገሩ። አስተዳደር ሲከፈል ፋይልም ይከፈላል። የአንድ አርሶ አደር ማኅደር አንዱ ክፍል በቀድሞው ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በአዲሱ ሊቀር ይችላል። ባለሙያው ይቀየራል፣ ካርቶኑ ምድር ቤት ይገባል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ጽሑፉ የት እንዳለ ካልታወቀ ዋጋ የለውም። በወረዳ መከፈልና መቀላቀል ወቅት እያንዳንዱ ባለይዞታ የማኅደሩን ቅጂ አውጥቶ ቤቱ ቢያስቀምጥ ብልህነት ነው፤ አመራሩም የተረካከበውን የማኅደር ዝርዝር በግልጽ ቢለጥፍ ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

ለወረዳ ኃላፊዎች ደግሞ በቀጥታ ልናገር። በሥራዬ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ያለፈውን ዓመት የሰብል ዋጋ መዝገብ እንዳይ ጠይቄ «ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። ደብዳቤ አመጣሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ነው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን መዝገቡ ሲወጣ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ስማቸውን ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ገበያዎችና ሁሉም ሰው በቅዳሜ የሚጠራው ዋጋ። የሚደበቅ አንድም ነገር አልነበረውም። እኔ የጋዜጠኛ መታወቂያ ይዤ ሦስት ቀን ከፈጀብኝ፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመጣው አባወራ ስንት ቀን ይፈጅበታል?

ኃላፊዎቹ ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይመስለኝም። መረጃ ሰጥቶ የተጠየቀ ባለሙያ ስንሰማ እንኖራለን እንጂ ከልክሎ የተጠየቀ አልሰማንም፤ ስለዚህ መከልከሉ ያዋጣል። ሕጉ ግን ሚዛኑን በሌላ በኩል ነው ያስቀመጠው። በእርግጥ የማይሰጡ መረጃዎች አሉ፤ የሌላ ሰው የግል ጉዳይ፣ የንግድ ምሥጢር፣ የአገር ደኅንነት የመሳሰሉት። የጎረቤትህን ማኅደር ማየት አትችልም። የወረዳው የጤፍ ምርታማነትና የቅዳሜ ገበያ ዋጋ ግን ከነዚህ ውስጥ በየትኛውም አይገባም።

በሕንድ ራጃስታን የሆነው ያስተምራል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ጀምሮ የገጠር ሠራተኞችና ገበሬዎች ማኅበር፣ የመንግሥት ሥራ የተሠራበትን የደመወዝ መክፈያ መዝገብ ቅጂ እያስወጣ በመንደር አደባባይ ጮክ ብሎ ያስነብብ ነበር። ሲነበብ ያልሠሩ ሰዎች፣ የሞቱ ሰዎች ጭምር ደመወዝ እንደወሰዱ ተጽፎ ተገኘ። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ የማን ስም የማን እንደሆነ ከማንም ኦዲተር በላይ ያውቅ ነበር። ያ እንቅስቃሴ አድጎ አገሪቱ በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመረጃ መብት ሕግ እንድታወጣ ካደረጉት አንዱ ሆነ። እኛ ሕጉን ያወጣነው ከእነሱ ሦስት ዓመት ዘግይተን ነው፤ የቀረን አደባባዩ ነው። የቀበሌ ስብሰባ፣ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሁሉ አለን። ከመኸር በኋላ የወረዳው የምርታማነትና የዋጋ ሠንጠረዥ በአንድ ወረቀት ተለጥፎ፣ በስብሰባ ተነብቦ «የተሳሳተ ካለ ተናገሩ» ቢባል የሚያስወጣው በጀት የወረቀትና የሙጫ ነው።

ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻ፣ ደብረ ብርሃንና ባሕር ዳር የኢንዱስትሪ ፓርክ የገባባቸው፣ ከተማቸው ወደ እርሻው የሚሄድባቸው ቦታዎች ናቸው። የካሳ አዋጁም በ2016 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ካሳ የመክፈሉ ኃላፊነት ይበልጥ ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ወርዷል። ክፍያው ወደ ታች ሲወርድ የታችኛው መዝገብ ክብደትም ይጨምራል። ዛሬ ጉዳይ ያለው ሰው ከላይ የጠቀስኳቸውን ድንጋጌዎች ከማሻሻያው ጋር አስተያይቶ ሳያነብ አንድ እርምጃ ባይሄድ እመክራለሁ። የፌዴራሉ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ፣ የክልላችን ደግሞ በዝክረ ሕግ ይወጣል፤ ሁለቱም የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሊኖሩት የሚገቡ ናቸው።

ጥያቄው ረጅም መሆን የለበትም። «ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት በቀበሌያችን የተመዘገበው የጤፍ፣ የስንዴና የባቄላ ምርታማነት በሄክታር ስንት እንደሆነ የሚያሳየው መዝገብ ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» ስም፣ ቀበሌ፣ ቀን፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይቀመጥበታል። በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን፣ ሌላው የገባበት ቀንና ቁጥር ተጽፎበት፣ ማኅተም ተመትቶበት ወደ ቤት ይመለስ። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው።